የኋልዮሽ የሚሄድ የሲትኮም ክፍል፦ ጽሑፉ፣ ቀረጻው፣ ኤዲቲንጉ

አዲስ ጽሑፍ (ሰኞ፣ ምሽት 2፡15)

ሰላም ለዚህ ቤት። የ24 ደቂቃ የሲትኮም (አጭር ተከታታይ የኮሜዲ ድራማ) ክፍል ጽሑፍ ይዘናል። ታሪኩ ከመጨረሻው ተነሥቶ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ቦታው አራት ኪሎ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ነው፤ ሰዎቹ አከራይ፣ ተከራይና ጎረቤት። ሲከፈት እሑድ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ተከራዩ ሻንጣውን እየጎተተ ከግቢው ይወጣል። አውራ ጣቱ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል፣ የሸሚዙ የደረት ኪስ በወጥ ቀልቷል፣ አከራይዋ እትዬ በሩን ይዘው ቆመዋል፤ ቃል አይተነፍሱም። ከዚያ ወደ ቡናው፣ ወደ ምሳው፣ ተከራዩ ፈረሰኛውን ከዶሮ ወጡ ድስት አውጥቶ ኪሱ ወደከተተበት ንጋት፣ ወደ ቅዳሜ፣ ወደ ዓርብ እያለ ይመለሳል። የመጨረሻው ትዕይንት ተከራዩ ግቢውን የረገጠበት ቀን ነው፣ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ። በጠቅላላው 10 ትዕይንት።

ጥያቄዬ ሦስት ነው። በየትኛው ቅደም ተከተል ይቀረጽ? ተመልካቹ ጊዜው እንዳይጠፋበት ምን ይደረግ? ደግሞ ቀልዱ በካርድ ላይ ሲደረደር ያስቃል፣ ንግግሩ ተጽፎ ሲነበብ ግን ይደርቃል። ምን ጎድሎ ነው?

የጽሑፍ ጠረጴዛ (ሰኞ፣ ምሽት 3፡40)

ከሦስተኛው ልጀምር፤ እሱ ካልተስተካከለ የቀሩት ሁለቱ አያድኑትም።

ለዚህ አሠራር ከሁሉ በላይ የሚጠቀሰው በኤንቢሲ ቴሌቪዥን ኅዳር 11 ቀን 1990 (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 20 ቀን 1997) የተላለፈው የአሜሪካው ሲትኮም የ«ሳይንፌልድ» 9ኛ ምዕራፍ 8ኛ ክፍል ነው። መነሻው በ1978 እ.ኤ.አ. ለመድረክ የበቃው የሃሮልድ ፒንተር ባለ 9 ትዕይንት ተውኔት ነው፤ በክፍሉ ውስጥ ያለውን ሙሽራ «ፒንተር» ያሉትም ውለታውን ለማስታወስ ነው። እዚያ ውስጥ ጆርጅ የሚባለውን ሰው ሕንድ አገር ሰርግ ላይ ወፍራም ቡትስ አድርጎ እናየዋለን። ለምን እንዳደረገው የሚገባን ቆይቶ ነው። ቡትሱ ቁመት ይጨምርለታል፤ የፍቅር ጓደኛው ያወቀችው በዚያ ቁመት ስለሆነ ከዚያ ወዲያ ማውለቅ አልቻለም።

የቀልዱን አሠራር ተመልከቱ። በተለመደው ሲትኮም መጀመሪያ ይዘራል፣ ቆይቶ ይታጨዳል፣ ሳቁም ከአጨዳው ጋር ይመጣል። እዚህ አጨዳው ይቀድምና ሳቁ የሚመጣው ዘሩ ሲታይ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ትዕይንቶች ተመልካቹ መሳቅ የለበትም ማለት ባይሆንም፣ ዋናው ሥራቸው እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። «ጣቱን ምን ነካው? ኪሱ ውስጥ ምን ነበር?»

ንግግሩ ሲጨመር የሚደርቅበት ምክንያት ከዚህ ይመጣል። የእኛ የኮሜዲ ንግግር ያለፈውን መልሶ መተረክ ይወዳል። በቡናው ጠብ ላይ እትዬ «ሌሊት ተነሥተህ ፈረሰኛውን ከድስቴ አውጥተህ በኪስህ ከተትከው!» ካሉ የንጋቱ ትዕይንት እዚያው ሞተ። «ኪስህን አሳየኝ!» ይበሉ፤ ይበቃል። ጽሑፉን በቀይ እስክሪብቶ ይዛችሁ «ትናንት»፣ «ቅድም»፣ «እንዳልኩህ»፣ «አስታውሳለሁ» የሚሉትን ሁሉ አስምሩባቸው። ከአሥሩ ስምንቱ ይሰረዛሉ።

የአጻጻፉ ሥርዓት እንዲህ ነው። መጀመሪያ ታሪኩን በጊዜው ቅደም ተከተል ጻፉት፣ አንድ ትዕይንት በአንድ ካርድ። ከካርዱ ጀርባ ሁለት መስመር ይኑር፦ «ሰውዬው እዚህ ላይ የሚያውቀው» እና «ተመልካቹ እዚህ ላይ የሚያውቀው»። ከዚያ ካርዶቹን ገልብጣችሁ አንብቡ። ሁለቱ መስመሮች አንድ ዓይነት የሆኑበት ካርድ ካገኛችሁ ያ ትዕይንት የሞተ ነው። በዚህ አሠራር ተመልካቹ ከሰውዬው ቀድሞ መጨረሻውን ያውቃል፣ መነሻውን ግን ሰውዬው ብቻ ያውቀዋል። ልዩነቱ ከጠፋ የሚያስቀው ነገር አብሮ ይጠፋል።

በ24 ደቂቃ ውስጥ ከሦስት በላይ ዱካ (ምክንያቱ ቆይቶ የሚገለጥ ምልክት) አትሸከሙ። ጣት፣ ኪስ፣ ሌላ አንድ ነገር። አራተኛው ሲጨመር ተመልካቹ የመጀመሪያውን ይረሳል።

አዲስ ጽሑፍ (ሰኞ፣ ምሽት 3፡58)

ሦስተኛው ሲኒ ነው። ረከቦቱ ላይ ስድስት መሆን ሲገባው አምስት ሲኒ ይታያል። ስድስተኛው የተሰበረው ንጋት ላይ ነው፣ ክዳኑ ጣቱን ሲያቃጥለው ክርኑ ገፍትሮት።

የጽሑፍ ጠረጴዛ (ሰኞ፣ ምሽት 4፡05)

ጥሩ ነው፤ ሦስቱም ዱካ ከአንድ ደቂቃ ይወለዳሉ። ያቺ ደቂቃ ከመጀመሪያው ትዕይንት ጀምሮ የተጠበቀች ስለሆነች ሳትቆራረጥ በአንድ ሾት ትታይ።

ክላፕ ያዥ (ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡20)

ስለ ቀረጻው። ታሪኩ በጊዜው በሚሄድበት ቅደም ተከተል ቅረጹ እንጂ በሚታይበት አትቅረጹ። ወጥ ወደ ድስት አይመለስም፣ ሸሚዝ ከቆሸሸ ይቆሽሻል፣ የተሰበረ ሲኒም ተሰብሮ ይቀራል። ገልብጦ መቅረጽ በየትዕይንቱ አዲስ ዕቃ ያስገዛል።

እያንዳንዱ ትዕይንት ክላፕ (ቀረጻ ሲጀመር ካሜራ ፊት የሚያዘው ሰሌዳ) ላይ ሁለት ቁጥር ይጻፍለት፦ «ታ» የታሪኩ ተራ፣ «ስ» የስክሪኑ ተራ። የእናንተው 10 ስለሆነ የመውጫው ትዕይንት ታ10/ስ1 ነው፣ የገባበት ቀን ታ1/ስ10። የሁለቱ ድምር ሁልጊዜ 11 መምጣት አለበት። ክላፑ ላይ ታ4/ስ6 ካያችሁ ድምሩ 10 ነውና ካሜራው ከመነሣቱ በፊት አርሙት። ትዕይንት ለሁለት ከተከፈለ ታ4ሀ እና ታ4ለ በሉ፤ ቁጥሩን አትግፉት፣ ከተገፋ የሰባት ቀን ማስታወሻ ይበላሻል።

ኮንቲኒውቲ (ዕቃና ልብስ ከትዕይንት ትዕይንት እንዲገጥም ማድረግ) ላይ ከባዱ ነገር ማገጣጠሚያው ያልተለመደ መሆኑ ነው። በተራ ክፍል የአንዱ መጨረሻ ከቀጣዩ መጀመሪያ ጋር ወዲያው ይነካካል። እዚህ ግን የታ5 መጀመሪያ የሚመሳከረው ከታ4 መጨረሻ ጋር ነው፤ በስክሪኑ ላይ በመካከላቸው የሁለት ሙሉ ትዕይንት ርዝመት አለ፣ ወደ 5 ደቂቃ። ስለዚህ ዱካው በትዕይንቱ *መጀመሪያ* ላይ ቢያንስ 3 ሰከንድ በግልጽ ይታይ፣ በሚቀጥለው የስክሪን ትዕይንት *መጨረሻ* ላይ ደግሞ ሲፈጠር ይታይ። በየትዕይንቱ መነሻና መድረሻ ላይ ክፍሉ ከአራቱም ማዕዘን ፎቶ ይነሣ፣ የተዋናዩ እጅና ደረት ለብቻ። ፎቶው በታ ቁጥር ይቀመጥ።

ለሸሚዙ ከአንድ ሱቅ፣ ከአንድ ጥቅል የወጡ አምስት ግዙ፦ አንድ አዲስ (ለታ1)፣ አንድ ደጋግሞ ታጥቦ የነጣ (እስከ ንጋቱ)፣ ሁለት ወጥ የነካቸው፣ አንድ መጠባበቂያ። ወጥ የሚነካቸውም ቀድመው እኩል ይታጠቡ። መርካቶ ገብታችሁ ዛሬ ሁለት፣ በሳምንቱ ሦስት ካላችሁ ቀለሙ ይለያያል። የወጡን ምልክት በእውነተኛ ወጥ አትሥሩት፤ ዘይቱ በመብራቱ ሙቀት እየሰፋ ይሄዳልና ጠዋት የነበረው ቅርጽ ከሰዓት አይገኝም። በርበሬና ቀይ የጨርቅ ቀለም በትንሽ ውኃ በጥብጡ፣ የኪሱን ምልክት ከውስጥ በእርሳስ ከብባችሁ ሁለቱም ሸሚዝ ላይ በዚያው ልክ ቀቡ፣ ሌሊቱን ይድረቅ።

የጣቱ ጨርቅ ሦስት ደረጃ ይኑረው፦ ንጋት ላይ ንጹሕ፣ ምሳ ላይ የወጥ ነጠብጣብ ያለበት፣ ቡናው ላይ ጫፉ የተፈታ። ስክሪኑ ላይ የተፈታው ተጠቅልሎ፣ የቆሸሸው ነጥቶ ሲታይ ዓይን ሳያውቀው ጊዜው ወደ ኋላ መሄዱን ይቀበላል።

ጓዳ (ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡45)

ክላፕ ያዥ የተናገሩት ሁሉ ልክ ነው፤ የምግቡን እኔ ልጨምር።

አቦል፣ ቶና፣ በረካን ካገኛችሁ ሌላ ሰዓት ምን ያደርግላችኋል? ሲገለበጥ በረካ፣ ቶና፣ አቦል ይሆናል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ይህን የማይቆጥር ተመልካች የለም። የሚታየው ነገር ግን ልክ ይሁን። በረካው ቀጭንና ፈዘዝ ያለ ነው፣ አቦሉ ወፍራምና ጥቁር። የዕጣኑ ጢስ በአቦሉ ሙሉ፣ በበረካው የሞተ። ፈንዲሻው በበረካው ከሳህኑ ሥር ጥቂት ፍሬ፣ በአቦሉ ተቆልሎ። ቄጤማው በአቦሉ ቀና ያለ፣ በበረካው የተረገጠ። ቄጤማ በመብራት ሥር በሁለት ሰዓት ውስጥ ይጠወልጋልና ሦስቱን ትዕይንት በአንድ ቀን ጨርሱ፣ በውኃ ውስጥ የቆመ ሌላ ጥቅልም ይኑራችሁ። ለሲኒው አንድ ዓይነት አሥር ግዙ፤ የሚሰበረው ከአራት ቴክ (የቀረጻ ሙከራ) በታች አይያዝም።

ዶሮው 12 ብልት ነው። እትዬ ምሳ ላይ ሲቆጥሩ 11 ይሆንባቸዋል፤ ቆጠራው ጮክ ብሎ፣ በጭልፋ፣ አንድ በአንድ ይሁን። ብልቱን ካሜራ ፊት ከመቅረቡ በፊት የሚቆጥር ሰው መድቡ። ድስቱ ውስጥ 12 ሆኖ ተዋናይዋ 11 ካለች፣ ይህን ክፍል ፍንጭ ፍለጋ እያየ ያለው ሰው ወዲያው ይይዘዋል።

አንድ ትልቅ ወጥመድ አለ፣ ጾም። ከእሑድ ሁለት ቀን ወደ ኋላ ስትመለሱ ዓርብ ላይ ትወድቃላችሁ። እትዬ የሚጾሙ ከሆነ ዓርብ ማታ ገበታው ላይ ሽሮ ነው፤ ቅቤም ወተትም አይታይም። ቀረጻው ራሱ ዐቢይ ጾም ውስጥ ከወደቀ ደግሞ የሚጾም ተዋናይ ዶሮ እንዲጎርስ አይጠየቅም። ድንች በብልቱ ቅርጽ ተጠርቦ በዘይት በተሠራ ቀይ ወጥ ውስጥ ይግባ፤ ከአንድ ሜትር ርቀት አይለይም። ክሎዝአፑን ከፋሲካ በኋላ ውሰዱ።

ፊደል ቆጣሪ (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8፡10)

ቡናው ከምሳ በኋላ ላሉት ሦስት ትዕይንቶች ይሠራል። ለቀሩት ጊዜውን በስክሪኑ ላይ የሚናገር ጽሑፍ ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ አማርኛችን አንድ ጉድጓድ አለው።

«ከ2 ሰዓት በፊት» ብላችሁ ብትጽፉ ሁለት ትርጉም አለው፦ «ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ» እና «ገና 2 ሰዓት ሳይሞላ»። በተራ ድራማ ማንም ልብ አይለውም፤ እዚህ ግን ተመልካቹ ያለው ምርኩዝ ያ ጽሑፍ ብቻ ነው። የሰዓት ልዩነት በ«ከ… በፊት» አይጻፍ። ወይ «ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ» በሉ፣ ወይ ቁርጡን ንገሩ፦ «እሑድ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት»። እኔ ቁርጡን እመርጣለሁ፤ 10 ሰዓት፣ 9፡30፣ 9 ሰዓት እያለ ቁጥሩ ሲወርድ አቅጣጫው ራሱን ይናገራል። ለዓመቱ «ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ» ይበቃል።

ንጋቱም ችግር አለው። «ቅዳሜ ሌሊት 11 ሰዓት» ሲባል አንዱ የቅዳሜን ንጋት፣ ሌላው ቅዳሜ አልፎ እሑድ ሊነጋጋ ያለበትን ያስባል። «ለእሑድ አጥቢያ» የሚለው ቃል ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። ተጠቀሙበት።

የስልክ ስክሪን በካሜራ አይታይ። ጽሑፋችሁ 7 ሰዓት ሲል ስልኩ 13፡00 ያሳያል። አዲስ አበቤ በልቡ ማስላት ለምዶታል፤ ግን ስሌቱ የሚወስድበት ሰከንድ ከቀልዱ ላይ ነው የሚቀነሰው። የግድግዳ ሰዓት ካለ በእኛ አቆጣጠር ይሞላ፣ ካልሆነም ይውረድ።

ጽሑፉ ቢያንስ 3 ሰከንድ ይቆይ። ብዙ ሰው በስልክ ነው የሚያየው፤ ፊደሉ ደመቅ ያለ፣ ነጭ፣ ጥቁር ስክሪን ላይ ይሁን እንጂ በምስሉ ላይ አይደረብ።

ከሁሉ በላይ ግን አማርኛ የሰጣችሁን ሰዓት አትጣሉት፦ አንተና እርስዎ። በመጀመሪያው የስክሪን ትዕይንት እትዬ ተከራዩን «አንተ» ይሉታል፣ ተራ ቁጣ። በታ1፣ ማለትም በክፍሉ ማብቂያ ላይ፣ ገና የመጣ ባለ ኮትና ከረባት የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነ «እርስዎ» ይሉታል። እሱ ሁልጊዜ «እርስዎ» እና «እትዬ» ይበል፣ አይለወጥ። ያኔ የተለወጠው ምን እንደሆነ ጆሮ ይሰማዋል። የተዋንያኑን ወረቀት ስታትሙ ተውላጠ ስሞቹን አስምሩባቸው፤ በልምምድ ላይ አፍ የሚስተው እነሱን ነው።

ጥላ (ማክሰኞ፣ ምሽት 1፡30)

ስለ ብርሃን ሁለት ነገር ብቻ።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ ፀሐይ 6 ሰዓት ላይ ከራሳችን በስተሰሜን ትሆናለች፣ ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። በቀሩት ወራት ተቃራኒው ነው። የአንድ እሑድን ታሪክ ግማሹን ጥር፣ ግማሹን ሰኔ ላይ ከቀረጻችሁ የግቢው ዛፍ ጥላ ማዶ ተሻግሮ ይገኛል። የውጭውን ሁሉ በአንድ ሳምንት ጨርሱ፤ በክረምት አይሁን፣ ቆርቆሮ ጣራ ላይ የሚወርድ ዝናብ ንግግሩን ይውጠዋል።

ቤት ውስጥ መስኮቱን ሸፍናችሁ በመብራት ብቻ ሥሩ። ለቀኑ 5600 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ)፣ ለንጋቱ የጓዳ አምፖል 3200። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ኤልኢዲዎቹ በባትሪ የሚሠሩ ይሁኑ፤ ቄጤማውና ፈንዲሻው ጀኔሬተር እስኪመጣ አይጠብቁም።

ማይክ (ማክሰኞ፣ ምሽት 2፡00)

በየትዕይንቱ መጨረሻ ሁሉም ሰው ባለበት ዝም ብሎ 60 ሰከንድ የክፍሉን ድምፅ ቅዱ፣ በታ ቁጥር። ለእሑድ ንጋት ያን ዘለል ማድረግ አይቻልም፤ አራት ኪሎ ላይ የቅዳሴው ድምፅ ማጉያ ከሥላሴ በኩል ይሰማል። እንዳይገባ ከመታገል ቦታ ስጡት። ንጋቱ ላይ ቅዳሴ ከተሰማ ቀኑ እሑድ መሆኑን ያለ ጽሑፍ ተናገራችሁ። ግን በንግግር ሥር አትቅዱት፤ ለብቻው ተቀድቶ በኤዲቲንግ ይግባ፣ ያለዚያ ሁለት ቴክ ሲቀጣጠል ዜማው ይዘላል።

ኤዲት ክፍል (ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡05)

ኤዲቲንጉን ሁለት ጊዜ ሥሩት። መጀመሪያ በታ ቁጥር ደርድሩና አመክንዮው ስንጥቅ እንደሌለው እዩ፤ አስቀምጡት። ከዚያ ቅጂውን በስ ቁጥር ገልብጡ። እያንዳንዱ ትዕይንት የራሱ ሲኩዌንስ (በኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ለብቻው የተደረደረ ብሎክ) ይሁን፣ ያኔ መገልበጡ አሥር ብሎክ ማዘዋወር ብቻ ነው። ቀጥ ያለውን ቅጂ አትጥፉት። የ«ሳይንፌልድ»ም ያ ክፍል በዲቪዲ ሲወጣ በጊዜው ተራ የተደረደረ ቅጂ ተጨምሮበት ነበር፤ ሁለቱን አስተያይቶ ማየት ትልቅ ትምህርት ነው።

ርዝመት፦ 10 ትዕይንት በ24 ደቂቃ በአማካይ 2፡24 ይደርሳል፤ ግን እኩል አታካፍሉት። የመጀመሪያው ከ1፡15 አይለፍ፤ ተመልካቹ ገና ማንንም ስለማያውቅ ሁለት ደቂቃ የሻንጣ መጎተት አይታገሥም። ንጋቱና ታ1 ረዘም ይበሉ፣ እስከ 3፡30።

የሳቅ ቦታ ይለያል። ምክንያቱ ሲገለጥ ተመልካቹ መጀመሪያ ያስታውሳል፣ ከዚያ ይስቃል። ስለዚህ ከገለጣው በኋላ ከ1 ሰከንድ ተኩል እስከ 2 ሰከንድ ንግግር አይግባ። የተቀዳ ሳቅ የምትጠቀሙ ከሆነም እዚያው ዘግይቶ ይግባ፤ ወዲያው ከገባ ተመልካቹን ይቀድመዋል።

ማስታወቂያ የሚገባበትን ቦታ ከጣቢያው ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ከጥያቄው በኋላ፣ ከጊዜ ጽሑፉ በፊት ይሁን። ጽሑፉን አሳይታችሁ ማስታወቂያ ካስገባችሁ ሲመለስ ጊዜው ተረስቷል።

ከዚያ ጽሑፉን ላላነበቡ አምስት ሰዎች አሳዩ። በየሽግግሩ አቁማችሁ «ይኼ ቅድም ካየነው በፊት ነው ወይስ በኋላ?» በሉ። ሁለቱ ከተሳሳቱ ሽግግሩ ይታረም።

ጓዳ (ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡50)

የሽግግር ጽሑፉ በዘጠኙም ቦታ ይግባ ማለትዎ ነው? በበረካውና በቶናው መካከል ጽሑፍ ማስገባት ተመልካቹን መናቅ ይመስለኛል። ጀበናው ይናገራል።

ኤዲት ክፍል (ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡20)

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሽግግሮች ላይ ይግባ እላለሁ። ደንቡ እስኪለመድ ሁሉም ሰው ይጠፋል፣ ቡና አፍልቶ የሚያውቅም ቢሆን። ሕፃናትም ያያሉ። እናንተ ግን የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ቡናው ላይ ስለሚወድቁ ሁለቱንም ቅጂ ሠርታችሁ በአምስቱ ሰዎች ፈትኑት፤ እኔ ብሸነፍ ደስ ይለኛል።

ክላፕ ያዥ (ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡00)

ስለ ሁለት ዓመቱ አንድ ማስጠንቀቂያ። ታ1ን በር ላይ አትቅረጹት። የፒያሳና የአራት ኪሎ መንገድ ከ2016 የኮሪደር ልማት ወዲህ ሌላ መልክ ይዟል፤ የእግረኛው መንገድ፣ የመብራት ምሰሶው፣ የሕንፃው ቀለም ተለውጧል፣ የፈረሰውም ብዙ ነው። ታሪካችሁ ወደ ኋላ የሚዘልልበት ዓመት ከዚያ በፊት ከሆነ ካሜራው ግቢ ውስጥ ይቅር።

የኪራይ ቅድሚያ ክፍያም ይታያል ብዬ እገምታለሁ። 200 ብር ኖት የወጣው መስከረም 2013 ላይ ነው፣ ቴሌብር ደግሞ ግንቦት 2013። ታሪኩን ወደ አምስትና ስድስት ዓመት ልታሰፉት ካሰባችሁ ከዚያ በፊት የሚቆጠረው ብር የቀድሞው 100 ኖት ነው፤ እሱ ከዝውውር ስለወጣ በቀላሉ አይገኝም፤ ስለዚህ በፖስታ ታሽጎ ይሰጥ።

አዲስ ጽሑፍ (ረቡዕ፣ ምሽት 1፡45)

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ቀረጻውን በታ ቁጥር አዙረነዋል፣ ቀዩ እስክሪብቶም ሠርቷል፤ 41 መስመር ወጣ። አንድ ቀረን። በታ1 መጨረሻ እትዬ ቁልፉን ሲሰጡት «ቤቱ የእርስዎ ነው፤ ከእንግዲህ በዚህ ግቢ ዶሮ ከተሠራ ፈረሰኛው ለእርስዎ ነው» ይሉታል። የክፍሉ የመጨረሻ ቃል ይኼ ነው። ከዚያ በኋላ የዶሮውን ሥዕል እናምጣ ወይስ በቃ?

የጽሑፍ ጠረጴዛ (ረቡዕ፣ ምሽት 2፡30)

ዶሮውን አታምጡት። ቃሉ የሠፈር ወግ ነው፣ ማንም አከራይ ለአዲስ ተከራይ የሚለው፤ ሰውዬው ግን እንደ ውል ያዘው። ተመልካቹ ያን ራሱ ይግጠመው። የ«ሳይንፌልድ»ም የመጨረሻ ትዕይንት 11 ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ያረፈው በአንድ የጉርብትና ቃል ላይ ነበር። እትዬ ቃሉን በፈጠነ፣ በለመደ አፍ ይናገሩት፤ ካሰመሩበት ወጉ ጠፍቶ ውል ይሆናል፣ ያኔ ጥፋተኛዋ እሳቸው ይሆናሉ።

ክላፕ ያዥ (ረቡዕ፣ ምሽት 2፡52)

ከዚያ በፊት ኮቱን ያውልቅ፣ ግቢው ይሞቃል። የደረት ኪሱ አዲስና ንጹሕ ሆኖ ይታይ፣ ቁልፉንም እዚያው ኪስ ይክተተው። ሦስት ሰከንድ፣ ከዚያ ጥቁር። ለዚህ ሲባል ሸሚዙ ፈዛዛ ሰማያዊ ይሁን፤ በነጭ ላይ የወጡ ምልክት ደም ይመስላል፣ በጥቁር ደግሞ አይታይም።